መንገዱ ተዘጋ፤ ቀብዱስ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ጥቅምት 2016 ላይ አዲስ አበባ ካለ ገዢ ጋር በጽሑፍ ተዋዋልን። 40 ኩንታል በርበሬ እስከ ታኅሣሥ 20 መርካቶ ላደርስለት 150 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልኩ። በመካከሉ መንገድ ተዘጋ፤ የሚንቀሳቀስ አይሱዙ ጠፋ። ጥር ላይ ሲከፈት ቀኑም ስላለፈ፣ ዋጋውም ስለጨመረ ለሌላ ሰው ሸጥኩት። አሁን ገዢው የቀብዱን እጥፍና ኪሳራ ካልከፈልክ እከስሃለሁ እያለኝ ነው። መንገዱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የመንገዱ መዘጋት ሊያድንዎት ይችል ነበር። የሚጎዳዎት አለፍ ብለው የነገሩን አንድ ሌላ ነገር ነው። እንደርስበታለን።

መነሻችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 1791 ጠንከር ይላል። ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኪሳራ ይከፍላል። ማምለጫው አንድ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳገደው ማስረዳት። የማስረዳቱ ሸክም ደግሞ የእርስዎ ነው። ችሎት ቆሞ «አገር ያወቀው ነው» ማለት አይበቃም።

ቁጥር 1792 ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጣው ነገር በተለምዶ አስቀድሞ የማይገመት መሆን አለበት። ውሉን መፈጸምንም ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት። ሥራውን ያከበደ ብቻ አይቆጠርም። 1793 እንደ ሁኔታው ከአቅም በላይ ሊባሉ የሚችሉትን ይዘረዝራል፦ እርስዎ ኃላፊ የማይሆኑበት የሌላ ሰው ያልታሰበ ድርጊት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ እንደ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ያለ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም። ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ ግን፣ በውላችሁ ሌላ ካልተባባላችሁ፣ ምክንያት አይሆንም። 1794 በግልጽ አስቀርቶታል።

የገዢው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ቀኑን ነው። በአማራ ክልል ግጭት የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነው። እናንተ የፈረማችሁት ጥቅምት ላይ ነው። «የመንገዱን ነገር እያወቀ ነው የፈረመው» ይላል። ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም። ግን መልስ አለዎት። ለሁለት ሦስት ቀን መቋረጡ ሊገመት ይችል ይሆናል። ለሳምንታት ጭራሽ መኪና አለማለፉ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ «ተዘግቶ ነበር» ብቻ አይበሉ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የቱ ጋ፣ ይህን ያሳዩ።

ቀጥሎ «ለምን በሌላ መንገድ አልመጣም?» መባሉ አይቀርም። የለመድነው በደምበጫ፣ በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጎ ዓባይን መሻገር ነው። ከቡሬ በነቀምት የሚወስድ መንገድም አለ። እሱ ሩቅ ነው፣ የጭነት ዋጋውም አይቀመስም ማለት አያድንዎትም። በዚያም ማለፍ አይቻልም ከነበረ ግን ያድናል። ሾፌሮች ይመስክሩልዎት። ከሚመለከተው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም ማስረጃ ይጠይቁ።

ነግረውት ነበር ወይ? ቁጥር 1797 ያገደዎትን ነገር እንዳወቁ ወዲያው ለገዢው ማሳወቅ አለብዎት ይላል። ዝም ካሉ፣ ቢያውቅ ኖሮ ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ጉዳት ይከፍላሉ። ኔትወርክ ጠፍቶ ከነበረ አይፈረድብዎትም። ግን ስልኩ በተመለሰ ቀን ደወሉለት?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መንገድ ለጊዜው መዘጋቱ ግዴታውን ያቆየዋል እንጂ ሁልጊዜ አይሰርዘውም። ጥር ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ በርበሬውም እጅዎ ላይ ነበር። ገዢው ውሉን ሰርዣለሁ እንዳለ አልነገሩንም። ታዲያ ያኔ ያልጫኑለት መንገድ ጠፍቶ ነው ወይስ ዋጋ ተገኝቶ? «ዋጋውም ስለጨመረ» ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈውልናል። እኔ የገዢው ጠበቃ ብሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚህ ላይ ነበር የምይዝዎት። ይደብቁት አልልም፤ የበርበሬ ገበያ ደግሞ ወሬ አይደብቅም። በውሉ ላይ «ቀኑ ካለፈ ውሉ ቀሪ ነው» የሚል ነገር ካለ ግን መልሴ ይለወጣል። አውጥተው ደግመው ያንብቡት።

ቀብዱን በተመለከተ ቁጥር 1885 አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። በርበሬውን ጭነው መሄድ ጭራሽ ያልቻሉ ቢሆን ኖሮ «እኔ አልተውኩም፣ ታገድኩ እንጂ፤ የተቀበልኩትን 150 ሺህ ብቻ እመልሳለሁ» ብለው በሙሉ አፍ ይከራከሩ ነበር። ለሌላ ከሸጡ በኋላ ይህን ማለት ይከብዳል። ስለዚህ 300 ሺህ ብር ሊወጣብዎት እንደሚችል ከአሁኑ ያስቡ። በእጥፉ ላይ ሌላ ኪሳራ ይጨመርልኝ የሚለውን ግን እቃወመዋለሁ። እጥፉ ራሱ ውል የመተው ዋጋ ነው ብዬ ነው የማምነው። ያከራክራል፣ ግን የሚያዋጣ ክርክር ነው። ደግሞም ቁጥር 1802 ተጎዳሁ ባዩም ብዙ ሳይቸገር ጉዳቱን መቀነስ አለበት ይላል። ጥር ላይ ሌላ በርበሬ መግዛት ሲችል እስከ ሚያዝያ ቆሞ ዋጋው ሲንር ካየ፣ ያን ሁሉ ልዩነት በእርስዎ ላይ ማራገፍ አይችልም።

ከተጠየቅኩ፣ ክሱን ሳይጠብቁ በሽማግሌ ይግቡበት። ቀብዱን ከነተወሰነ ጭማሪው ለመመለስ ይነሡ። እኛ አገር ዕርቁ ላይ ጎበዞች ነን፣ መጻፉ ላይ እንሰንፋለን። ገንዘቡን ወስዶ ደግሞ የከሰሰ ሞልቷል። ስለዚህ ስምምነቱ ይጻፍ፤ «ከዚህ ውል የተነሣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ይግባበት፤ ሁለታችሁም ከነምስክሮቹ ፈርሙ። ብሩን በእጅ አይስጡ። በባንክ ያስገቡለትና ደረሰኙን ከውሉ ጋር ያስቀምጡ።