«የሁለትዮሽ ቁስለት» ከማን ጋር ተፈራረመ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ነርስ ነኝ። ስለ ቆዳ በሽታዎች ለታካሚ የሚታደል አንድ ገጽ ወረቀት ከእንግሊዝኛ እንድመልስ ታዝዤ ነበር። በሰውነት ግራም ቀኝም የሚወጣውን «የሁለትዮሽ ቁስለት» አልኩት። አንድ አባት አነበቡና «ቁስሉ ከማን ጋር ተፈራረመ?» ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ። ቀየርኩና «በሁለቱም ጎን» አልኩ። ይሄኛውን ደግሞ አንዲት እናት ሲሰሙ የጎን አጥንታቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ኧረ ጎኔስ ደህና ነው፣ ክርኔን ነው እንጂ» አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል?

መልስ፦ አባትየው የቋንቋ ሰው ናቸው፣ አድራሻቸውን ብትልኪልኝ ደስ ባለኝ። «ሁለትዮሽ» የሚለው ቃል ጥፋት የለበትም። ግን ያደገው በዜና ውስጥ ነው። የሁለትዮሽ ግንኙነት፣ የሁለትዮሽ ስምምነት እንላለን። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብጽ ስለ ግድቡ ሲቀመጡ ደግሞ የሦስትዮሽ ድርድር ነው። ቃሉ ሲጠራ ጠረጴዛ፣ ባንዲራና ብዕር አብሮ ይመጣል። ሁለት ክርን ግን አይደራደርም።

«ጎን» የከዳሽ በሌላ ምክንያት ነው። ለጂኦሜትሪ መምህር ጎን የሦስት ማዕዘን መስመር ነው። ለታማሚ ግን ከብብት እስከ ዳሌ ያለው ቦታ ነው። «ጎኔን ወጋኝ» ያለ ሰው ሌላ ቦታ አላመመውም። ስለዚህ እናትየዋ አልተሳሳቱም፣ የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የቆየ ቃል አለው፤ ግራ ቀኝ። «ግራ ቀኝ ሳታይ አትሻገር» እንላለን። ፍርድ ቤት ብትሄጂ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው «ግራ ቀኙ» ይባላሉ። ቅደም ተከተሉንም ልብ በይ፣ ብዙ ጊዜ ግራ ይቀድማል። ምርቃቱ «በቀኝ ያውልህ» ሆኖ፣ ግራ የገባው ሰው መከራውን እያየ፣ ሁለቱ አብረው ሲጠሩ ግን ግራ ፊት ይወጣል። ለወረቀትሽ «በግራም በቀኝም ይወጣል» ብትዪ የማይገባው ሰው የለም።

ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ፤ የአካሉን ስም መጥራት። «በሁለቱም ክርን»፣ «በሁለቱም ጉንጭ»። «ክርኖች»፣ «ጉንጮች» ማለት አያስፈልግም፤ «ሁለቱም» ካለ ብዛቱ ተነግሯል። «በየ» የምትባለውንም አትርሺ። «በየክርኑ ቅርፊት ያለው ቀይ ነገር ይወጣል» ስትዪ ሁለቱን ክርን በአንዲት ቃል ጨረስሽ። እንግሊዝኛው ይህቺን አያውቃትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አማርኛ ጥንድ የሆነ አካልን በነጠላ መጥራት ይወዳል። «እጄን ታጠብኩ» ስል አንዱን ብቻ አጥቤ ሌላውን አልተውኩትም። «ዓይኔን አመመኝ»፣ «እግሬን ያሳክከኛል» የሚል ሰው አንዱን ይሁን ሁለቱን አልነገረሽም። ለወሬ ይህ ችግር የለውም። ለሐኪም ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለምሳሌ አልማዝ ባለጭራ። ከጉድፍ በኋላ በነርቭ ሥር ተደብቆ የኖረው ቫይረስ ሲነሳ የሚመጣ ነው። በአንድ ነርቭ መንገድ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ይወጣል። ከጀርባ ተነስቶ ደረትን ይዞርና መሃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጭራው ወደ ማዶ አይሻገርም። ማዲያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጉንጭ ይይዛል። ቅርፊት ያለው ቀይ ሽፍታ የሚያወጣው ሶሪያሲስም በሁለቱም ክርንና በሁለቱም ጉልበት መውጣት ይወዳል። ለምጽ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው፤ የተለመደው ግራ ቀኙን የሚከተል ሲሆን፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚቀርም አለ።

ዝሆኔ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። አንድ ስም ነው፣ በሽታው ግን ከአንድ በላይ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ከእግር መዳፍ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን እኩል አያሳብጥም። በትንኝ የሚተላለፈው ግን ብዙ ጊዜ አንዱን እግር ነው የሚያጠቃው፣ ከጉልበት በላይም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ታካሚ «እግሬ አበጠ» ሲልሽ ጥያቄሽ ሁለት ነው፤ «አንዱ ነው ሁለቱም?»፣ «ሁለቱም ከሆነ፣ እኩል ነው ያበጠው?» «ሁለቱም» እና «እኩል» የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ልጨምር። «ቁስለት»ን ለምን ለሁሉም ሰጠሽው? የጨጓራ ቁስለት የለመድነው ነው፣ ይሁን። ግን ቆዳው ያልተከፈተ ነገር ቁስል አይባልም። ለምጽ ያለባትን ልጅ «ቁስል አለብሽ» ብትያት ትቀየምሻለች፤ ልክም ናት። የእንግሊዝኛው ቃል (lesion) ሰፊ ከረጢት ነው፣ ነጠብጣቡንም እብጠቱንም ይከታል። አማርኛው ያየውን ነው የሚጠራው፤ ሽፍታ ከሆነ ሽፍታ፣ ቅርፊት ከሆነ ቅርፊት፣ ጠባሳ ከሆነ ጠባሳ። ለሁሉም የሚሆን ቃል ግድ ካስፈለገሽ «በቆዳ ላይ የሚታይ ለውጥ» በይው። ረዘም ይላል፣ ግን ማንንም አያስቀይምም።

ለምጽን ካነሳን አይቀር፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ንዕማን «ለምጻም» ተብሏል። ሽማግሌዎች ለምጽን ከሥጋ ደዌ ጋር የሚያያይዙት አንድም በዚህ ነው። ዛሬ ለምጽ የምንለው ቀለም የለቀቀ ቆዳ እንጂ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ወረቀትሽ ላይ ይህቺን አንድ መስመር ጨምሪ፤ «እኔ ተርጓሚ ብቻ ነኝ» አትበዪ።

ዓረፍተ ነገርሽን እንዲህ ጻፊው፦ «በሁለቱም ክርን ወይም በሁለቱም ጉልበት ቅርፊት ያለው ቀይ ሽፍታ ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። የወጣው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነም ለባለሙያው ይንገሩ።» ጅማ ስለሆንሽ በአፋን ኦሮሞም መውጣቱ አይቀርም። የሚተረጉመው ሰው ከአንቺ አማርኛ ይነሳ እንጂ ከእንግሊዝኛው አይነሳ። «ቢታ ፊ ሚርጋ» ብሎ በሦስት ቃል ይገላገለዋል።