ከኮዱ በፊትና ከኮዱ በኋላ፦ የመጀመሪያ የሶፍትዌር ፕሮጀክታችሁን ለምትጀምሩ

ውድ ልጆቼ፣

የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲሰጣችሁ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትከራከሩት «በምን ቋንቋ እንጻፈው?» በሚለው ላይ ነው። ፓይተን የተማራችሁ በፓይተን፣ ጃቫ የተማራችሁ በጃቫ ጻፉት፤ ለመጀመሪያ ሥራ ልዩነቱ ከምትገምቱት ያንሳል። ፕሮጀክቱን የሚያሳካውም የሚያበላሸውም ኮዱ ከመጻፉ በፊትና ከተጻፈ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ተማሪ ዘሎት የሚያልፈውም ይህንኑ ነውና ደብዳቤዬ በእሱ ላይ ያተኩራል።

የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ኦኤስ 360 የተባለ ግዙፍ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የሥራውን ጊዜ እንዲህ ይከፍለዋል፦ ሲሶው ለዕቅድ፣ አንድ ስድስተኛው ኮድ ለመጻፍ፣ የቀረው ግማሽ ለሙከራ። የ6 ሳምንት ፕሮጀክት ካላችሁ 2 ሳምንት ወረቀት ላይ፣ 1 ሳምንት ኮድ፣ 3 ሳምንት ሙከራና እርማት ማለት ነው። ኮዱ በ1 ሳምንት እንዲያልቅ ደግሞ ፕሮጀክቱ ትንሽ መሆን አለበት። አንድ ሰው አንድ ሥራ የሚሠራበት ነገር ምረጡ። ከዚህ በታች የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብን በምሳሌነት እይዛለሁ፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ውስጡ ብዙ ትምህርት አለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኮምፒውተሩን አትክፈቱ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዘንድ ሄዳችሁ የውሰት ደብተራቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ባዶውን ሳይሆን የተጻፈበትን። ስርዝ ድልዙን፣ በኅዳጉ ላይ በቀይ የተጻፈውን፣ በሁለት ዓምድ መካከል የተጨመረውን ተመልከቱ። ፕሮግራማችሁ ሊያስተናግደው የሚገባው ያልተለመደ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። «መጽሐፍ ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? ተማሪ ትምህርት ቤት ሲቀይርስ?» ብላችሁም ጠይቋቸው።

ከዚያ መረጃውን በሠንጠረዥ ሣሉት። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ያጭቃል፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የተዋሰው ተማሪ ስም፣ ቀኑ። ቤተ መጻሕፍቱ ከአንድ የፊዚክስ መጽሐፍ 5 ቅጂ ካለው የትኛው ቅጂ ማን እጅ እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ተማሪዎች ካሉም የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ቢያንስ 4 ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፦ መጽሐፍ፣ ቅጂ፣ ተማሪ፣ ውሰት። እያንዳንዱ ቅጂና እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ የውሰት ሠንጠረዡ የሚይዘው እነዚያን ቁጥሮችና ሁለት ቀኖችን ነው፤ የወጣበትንና የተመለሰበትን። መጽሐፉ ሲመለስ ረድፉን አታጥፉት፣ የተመለሰበትን ቀን ሙሉበት እንጂ። ካጠፋችሁት «በዚህ ዓመት ከሁሉ በላይ የተነበበው የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አይኖራችሁም።

ለዚህ መጠን ኤስኪውላይት የተባለው የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ፕሮግራም በቂ ነው፤ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ ሰርቨር አይጠይቅም። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፦ በሠንጠረዦች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚጠብቀው ፎሬይን ኪይ በኤስኪውላይት ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ዳታቤዙን በከፈታችሁ ቁጥር ራሳችሁ ካላበራችሁት በሌለ ተማሪ ስም ውሰት ሲመዘገብ ዝም ይላል።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ 3 ወይም 4 ሰው ይበቃል። በ4 ሰዎች መካከል 6 የሁለትዮሽ ግንኙነት አለ፤ 6 ሰዎች ሲሆኑ 15 ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ላይ አለመግባባት ሊፈጠር ይችላል። ሥራ ከመከፋፈላችሁ በፊት አንዱ ለሌላው የሚያቀብለው መረጃ በምን ቅርጽ እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ። የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን ግፊቱን በፓውንድ አስልቶ ሲያቀብል ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ስለተቀበለው ነበር። በእናንተ ፕሮጀክት ይህ የሚመጣው በቀን በኩል ነው። 03/04 ለአንዱ የሦስተኛው ወር አራተኛ ቀን ነው፣ ለሌላው ደግሞ የአራተኛው ወር ሦስተኛ ቀን። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል 2025-04-03 ብላችሁ አስቀምጡ፤ እንደ ጽሑፍ ቢደረደር እንኳ ቅደም ተከተሉ አይዛባም።

ኮድ መጻፉ ሲጀመር በየቀኑ የሚሠራ ነገር ይኑራችሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ መጽሐፍ መዝግቦ የሚያሳይ ፕሮግራም ብቻ ቢሆን ይበቃል። ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘውን ጊትን ተጠቀሙ፤ አንድ ነገር በሠራ ቁጥር ኮሚት አድርጉና (ለውጡን በታሪኩ መዝግቡና) ለምን እንደቀየራችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ፓስወርድ የያዘ ፋይል ግን ኮሚት አታድርጉ፤ በኋላ ብትሰርዙትም በታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ጽፎ ይሰጣችኋል፤ አትጠቀሙበት አልልም። መስመር በመስመር ለጓደኛችሁ ማስረዳት የማትችሉትን ኮድ ግን አታስገቡ። የሌለ ፈንክሽን ስም ጠርቶ በሙሉ ልብ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ሲበላሽም የምታርሙት እናንተ ናችሁ። እኔ የበለጠ የምወድላችሁ «ይህን ፕሮግራም ምን ብናስገባበት ይሰበራል?» ብላችሁ እንድትጠይቁት ነው።

ፕሮግራሙ በስህተት ሲቆም ቀዩ ጽሑፍ አያስደንግጣችሁ። በፓይተን የመጨረሻውን መስመር አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የስህተቱ ዓይነት እዚያ አለ፣ ከፍ ብሎም የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር። ምንም ሳይናገር የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ይከፋል። ያኔ በኮዱ መሀል ላይ እስከዚያ የተሰላውን ዋጋ ስክሪኑ ላይ እንዲያሳይ አድርጉ፤ እዚያ ድረስ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ ከታች ነው፣ ካልሆነ ከላይ። እንዲህ እየገመሳችሁ ከሄዳችሁ በ100 መስመር ውስጥ ያለ ጥፋት ቢበዛ በ7 ሙከራ ይገኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ነገር ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

አሁን ወደ ሙከራው። እዚህ ላይ ታገሡ። ደንቡ «አንድ ተማሪ በአንድ ጊዜ ከ3 መጽሐፍ በላይ አይወስድም» ቢል ፕሮግራሙ አዲስ ከመስጠቱ በፊት በእጁ ያለውን ይቆጥራል። «ከ3 ከበለጠ ከልክል» ብላችሁ ከጻፋችሁ 3 የያዘው ተማሪ አራተኛውን ይወስዳል፤ ትክክሉ «3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ» ነው። ይህን የምታገኙት 2፣ 3 እና 4 ላይ ስትሞክሩ ነው፤ 1 እና 10 ላይ ብትሞክሩ ሁሉም ደህና ይመስላል። የመመለሻ ጊዜው 14 ቀን ከሆነ በ14ኛው ቀን የመጣው ዘግይቷል ወይስ አልዘገየም? ይህ የኮድ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ያለው ሠራተኛዋ ዘንድ ነው።

ተጠቃሚው በቁልፍ ሰሌዳው (ኪቦርድ) ያስገባው ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው። እንደ ጽሑፍ ሲወዳደር «10» ከ«9» ያንሳል፤ ምክንያቱም የሚታየው መጀመሪያ ያለው ምልክት ነው። ወደ ቁጥር ለውጡት። ስልክ ቁጥርን ግን በጽሑፍነቱ ተዉት፤ ቁጥር ካደረጋችሁት ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። የዘገየ መጽሐፍ ቅጣት ካለ ገንዘቡን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ፤ 0.1 እና 0.2ን ስትደምሩ ኮምፒውተሩ 0.30000000000000004 ይላችኋል። ስም በሚጻፍበት ቦታ ባዶ፣ ክፍት ቦታ ብቻ፣ እንዲሁም ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ያለበት ስም አስገቡ። የዳታቤዝ ትእዛዙን ተጠቃሚው ያስገባውን ጽሑፍ በመሀሉ በማያያዝ ሠርታችሁት ከሆነ ያቺ ምልክት ትሰብረዋለች፤ ክፉ ሰው ደግሞ በዚያው በር ገብቶ መረጃችሁን ያጠፋል። በትእዛዙ ውስጥ በዋጋው ቦታ የጥያቄ ምልክት አስቀምጡና ዋጋውን ለብቻው አቀብሉ።

በግዕዝ ፊደል የምትጽፉ ከሆነ ፋይል ስትከፍቱ ፊደላቱ የሚቀመጡበት ስልት ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ አለዚያ በአንዱ ኮምፒውተር የተነበበው በሌላው ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ 30 ባይት የተመደበለት ስም ከ10 ፊደል አያልፍም። ፍለጋውም «ሀይሉ» እና «ኃይሉ»ን ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ያያል፤ ከመፈለጋችሁ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ለውጡ፤ ለማሳየት ግን ባለቤቱ የጻፈውን ጠብቁ።

ከዚያ ሠራተኛዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጡና «ይህን መጽሐፍ ለዚህ ተማሪ ያውሱት» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። «እዚያ ጋ ይጫኑ» ማለት ያምራችኋል፤ አትበሉ። እጃቸው የቆመበትን ቦታ ጻፉ፤ ማስተካከል ያለባችሁ እሱን ነው።

ከማቅረባችሁ በፊት ኮዱን ላላየ ጓደኛ ፋይሉን ስጡትና የሪድሚውን (ከፕሮግራሙ ጋር የሚሰጠውን የማብራሪያ ፋይል) መመሪያ ብቻ እያነበበ በራሱ ኮምፒውተር እንዲያስነሳው ጠይቁት። የማይነሳው ብዙ ጊዜ በእናንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ባለ የፋይል አድራሻ ወይም መጫኑን በረሳችሁት ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ምክንያት ነው። 3 መጽሐፍ ብቻ ይዛችሁም አትቅረቡ፤ 500 አስገቡና ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ እንዴት እንደሚታይ እዩ። የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ ስታስቀምጡ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ይሁን፤ እየተጻፈበት ያለ ዳታቤዝ ኮፒ ሲደረግ ሊበላሽ ይችላል።

በሪድሚው ታች ፕሮግራሙ የማይሠራውን በግልጽ ጻፉ፦ በሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ የጠፋ መጽሐፍ አይመዘግብም። ያኔ ሠራተኛዋ ለጠፉት መጻሕፍት የቀድሞ ደብተራቸውን ይዘው መቆየት እንዳለባቸው ያውቃሉ።