የኋላ ካሜራ አልሰራ ካለ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፣ ሰሞኑን የኋላ ካሜራ ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፣ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ስክሪኑ ምን እንደሚል በደንብ እዩ። ብዙ ሰው ደህናውን ካሜራ ጥሎ አዲስ ይገዛና ያው ችግር ይዞ ይመለሳል፣ ለብሩ በጣም ነው የማዝነው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ አንድሮይድ ቴፕ አስገጥሜያለሁ። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ሲግናል የለም ይላል። ካሜራው ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ። ስክሪኑ ወደ ካሜራ ከተቀየረ ቴፑ ማርሽ መግባቱን አውቋል ማለት ነው፣ ያልደረሰው ምስሉ ነው። ቪትዝና መሰሎቹ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው የኋላውን በር ነው። ከጣራው ወደ በሩ የሚገባ የሚተጣጠፍ ጎማ አለ አይደል፣ ገመዱ በዛ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ እና በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር እየታጠፈ እየታጠፈ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል ከላይ ስታየው ግን ምንም አይመስልም። ቁልፉን ኦን አድርግ፣ ሞተር አታስነሳ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አድርግ፣ ማርሹን አስገባና ሰው ስክሪኑን እያየልህ አንተ በጎን በኩል ቆመህ በሩን ቀስ እያልክ ክፈት ዝጋ፣ ያንን ጎማም ነካ ነካ አድርገው። ምስሉ መጣ ሄደ ካለ አገኘኸው። የተበጠሰውን ሶልደር አድርጎ በደንብ መሸፈን ነው፣ ጠምዝዞ ናስትሮ ብቻ ከጠቀለልክበት እዛ ቦታ አይበረክትም።

እሱ ካልሆነ በቴስተር የካሜራውን ቀይና ጥቁር ገመድ ለካ፣ ማርሽ ገብቶ 12 ቮልት አካባቢ መምጣት አለበት። ከመጣና ምስል ከሌለ ካሜራውን ነቅለህ ፊት ቴፑ ጋ አምጣውና በአጭር ገመድ ቀጥታ ሰካው፣ ኤሌክትሪኩን በትንሽ ፊውዝ በኩል ስጠው። እዛ ከሰራ ጥፋቱ ከፊት እስከኋላ የተዘረጋው ረጅሙ ገመድ ነው፣ እዛም እምቢ ካለ ያኔ ካሜራ ግዛ።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ጭራሽ አይቀየርም፣ ሙዚቃው ላይ እንዳለ ይቀራል።

መልስ፦ ይሄ ሌላ ነው። መጀመሪያ ፍሬን ይዘሽ ማርሹን አስገቢና የኋላ ማርሽ መብራቱ ይበራ እንደሆነ በጎን የቆመ ሰው አሳዪ። ካልበራ ካሜራውን ተይውና ፊውዙን፣ አምፖሉን፣ ማርሹ ላይ ያለውን ስዊች እዪ። መብራቱ ከበራ ግን ከቴፑ ኋላ ሪቨርስ ወይም ባክ የሚል ጽሁፍ ያለበት ቀጭን ገመድ አለ፣ ማርሽ ሲገባ እሱም ላይ 12 ቮልት መድረስ አለበት፣ ብዙ ጊዜ ሳይገናኝ የተተወ ወይም የላላ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ኡበር እሰራለሁ። የ2021 መኪናዬ ካሜራ ምስሉ ባለበት ይደርቃል፣ ከኋላዬ ሰው አልፎ እንኳ ስክሪኑ ላይ የለም። ልፍታው?

መልስ፦ እንዳትነካው! የደረቀ ምስል ከጥቁር ስክሪን ይብሳል፣ ጥቁር ከሆነ ዞር ብለህ ታያለህ፣ የደረቀው ግን ከኋላህ ባዶ ነው ብሎ ያሳምንሃል፣ ህጻን ልጅ ቢኖርስ። አሜሪካ ከሜይ 2018 ጀምሮ አዲስ የሚመረት የቤት መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው በህግ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ብልሽቱ የፋብሪካ ከሆነ ሪኮል ሊወጣበት ይችላል፣ ማለትም ፋብሪካው መኪናውን ጠርቶ ያስተካክላል። ለምሳሌ ፎርድ በ2025 በዚሁ በካሜራ ሶፍትዌር ምክንያት ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና ጠርቷል። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቪን ነምበርህን፣ የመኪናህን መለያ ማለቴ ነው፣ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤቱ፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረገጽ ላይ አስገባና እይ፣ ሪኮል ካለበት ዲለሩ በነጻ ነው የሚሰራልህ። እስከዛ ስክሪኑን አትመን፣ ዞረህ እይ።

ጥያቄ፦ ከመኪናው ጋር የመጣውን ኦሪጅናል የቶዮታ ካሜራ አዲስ ቴፕ ላይ ማስቀጠል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል ግን ተጠንቀቅ፣ ብዙዎቹ የሚሰሩት በ6 ቮልት አካባቢ ነው። 12 ቀጥታ ከሰጠኸው ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትንሽ እቃ አለ፣ እሱን መሀል አስገባ።

ጥያቄ፦ ምስሉ ይንቀጠቀጣል መስመር መስመርም ይሰራል፣ ካሜራው አዲስ ነው።

መልስ፦ ሁለት ነገር እዪ እህቴ። አንደኛ ካሜራው ኤኤችዲ የሚባለው ጥራቱ ከፍ ያለ አይነት ሆኖ ቴፑ አሮጌ ከሆነ አይግባቡም፣ ቴፑ የሚቀበል ከሆነም ሴቲንግ ውስጥ የካሜራውን አይነት በትክክል መምረጥ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ሁለተኛ አንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ የአውሮፓዎቹ፣ ለኋላ መብራቱ የሚልኩት ኤሌክትሪክ ቀጥ ያለ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ እየተቆራረጠ የሚሄድ ነው፣ አምፖሉ ችሎ ይበራል ካሜራው ግን ይረበሻል። ፊልተር ወይም ሪሌ ሲገባለት ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ግራና ቀኙ ተገልብጦብኛል።

መልስ፦ ካሜራው ገመድ ላይ እንደ ቀለበት የታጠፈች ትንሽ ሽቦ ካለች እሷ ናት፣ መቁረጥ ነው፣ ጫፎቹን ለየብቻ ሸፍናቸው። ሁለት ከሆኑ አንዷ ስክሪኑ ላይ ለማቆሚያ የሚታዩት መስመሮች ናት፣ የካሜራውን ወረቀት ሳታይ አትቁረጥ። አንዳንድ ቴፕ ላይ ግን በሴቲንግ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ላቫጆ ካሳጠብኩ በኋላ ጭጋግ የያዘው መሰለ፣ ብወለውለውም አይለቅም።

መልስ፦ ጋሼ ውሃው ከውስጥ ስለሆነ ነው። ፈትተው ደረቅ ቦታ ያቆዩት፣ የፀጉር ማድረቂያ ካለ በለብታው ብቻ ከራቅ አድርገው ይንፉበት። ሲደርቅ ዙሪያውን ቀጭን ሲሊኮን ያስቀቡት፣ መስታወቱን እንዳይነካ። ውስጡ ዝጎ ከሆነ ግን አይድንም፣ ይቀየር። ከዚህ በኋላ የሚያጥቡትን ልጆች ታርጋው አካባቢ ፕሬሸሩን አታስጠጉ ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናስ? ካሜራው አንዳንዴ ይጠፋል።

መልስ፦ መጀመሪያ ስክሪኑን ሪስታርት አድርገው፣ ሶፍትዌር አፕዴት ካለው ጫንለት፣ የካሜራውን መስታወት አጽዳ፣ ፊውዙን እይ። ከዚህ አልፎ እቤት ባትፈታው ይሻላል፣ ካሜራው በ12 ቮልቱ በኩል ቢሆንም ብርቱካናማ ቀለም ያለው ኬብል ካየህ ግን ሰው የሚገድል ቮልት ነው፣ እጅህን እንዳታስጠጋ።