መልስ፦ ጎረቤት ጋራዥ ማታ ማታ የተቃጠለ ዘይት የጎርፍ ቱቦ ውስጥ እየደፋ ነው፤ የት ላመልክት?

የወረዳሽ ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ “ቱቦው ዘይት ሞልቷል” ብቻ ካልሽ ባለጋራዡ “እኔ አይደለሁም” ይልና ነገሩ እዚያው ይቀራል።

1. ማታ ማታ ነው የሚደፋው ብለሻል፤ ከግቢሽ ሳትወጪ በስልክ ቅረጪው፣ ቀንና ሰዓቱን መዝግቢ።
2. በጽሑፍ አመልክቺ፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት አብሮ ይፈርም። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተሽ ያዢ።
3. ወረዳው ዝም ካለ ያንኑ ቅጂ ይዘሽ ወደ ክፍለ ከተማው አካባቢ ጥበቃ።

ቱቦው የዝናብ ውሃ መውረጃ እንጂ የፍሳሽ መስመር አይደለም። ማጣሪያ ጣቢያ ሳይደርስ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ከዚያ አቃቂ ወንዝ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ አዋሽ ወንዝ። በአቃቂ ውሃ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ ደግሞ የምንበላው እኛው ነን፤ ስለዚህ “የሰው ጉዳይ ውስጥ ገባሽ” የሚልሽን አትስሚ።

ባለጋራዡን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዘይቱን በጀሪካን እንዲያጠራቅም ይንገረው። ለግንባታ ጣውላ መቀቢያ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ መንገዱ ላይ የፈሰሰውን በውሃና በኦሞ እንዳታጥቢው። እኛ ሰፈር አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርገን ዘይቱን ሁሉ ራሳችን ቱቦው ውስጥ ከተትነው። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በትኚበት፤ ሲመጠው ጠርገሽ በማዳበሪያ ከረጢት አስሪው፣ እሱንም ለጽሕፈት ቤቱ አሳዪ።