«ቬጀቴሪያን» የሚል አይብ ለጾም ይሆናልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው በአሜሪካ ነው። እናቴ ከጽኑ ሕመም ስትድን ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ላልቀምስ ተሳልሁ፤ እነሆ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ ግን የሥራ ባልደረባዬ ፓስታ ላይ የምነሰንሰው ፓርሜዛን የተባለው አይብ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር እንደሚረጋ ነገረችኝና ደነገጥሁ። ስእለቴን አፍርሻለሁን? ደግሞም አንዲት የማኅበራችን እኅት «ቬጀቴሪያን፣ ማለትም ሥጋ ለማይበሉ የሚሆን፣ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዢ፤ እርሱ ለጾምም ይሆናል» አለችኝ። ይህስ እውነት ነውን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ባልደረባሽ የነገረችሽ እውነት ነው። ዋናው ፓርሜዛን፣ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው የኢጣልያ አይብ፣ በአሠራር ደንቡ መሠረት የሚረጋው ሬኔት በሚባል፣ ጡት ካልጣለ ጥጃ አራተኛ የጨጓራ ክፍል በሚወጣ ማርጊያ ነው፤ ፔኮሪኖ ሮማኖ ደግሞ በበግ ግልገል ሬኔት ይረጋል። ይሁን እንጂ አይብ ሁሉ እንዲህ አይደለም። በፖርቱጋል ሴራ ዳ ኢሽትሬላ የሚባለውን አይብ የሚያረጉት ኮሸሽላ በሚመስል እሾሃማ ተክል አበባ ነው። በምትኖሪበት አገርም በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት የሚዘጋጀው ማርጊያ በ1990 እ.ኤ.አ. ከተፈቀደ ወዲህ አብዛኛው አይብ የሚረጋው በእርሱ ነው። ማሸጊያው ላይ ስለ ማርጊያው «ኢንዛይም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን ከምን እንደ መጣ ስለማይለይ፣ ለመለየት ለምትሻ ሰው «ቬጀቴሪያን» የሚለው ጽሑፍ በእርግጥ ይረዳታል። የዚያ ጽሑፍ ጥቅም እስከዚህ ድረስ ነው።

ስእለትሽ አልፈረሰም። የተሳልሽው ሥጋ ላለመብላት ነው፤ የበላሽውም አይብ መሆኑን አምነሽ ነው፤ ያላወቅሽውንና ያላሰብሽውን ነገር እግዚአብሔር እንደ ክዳት አይቆጥርብሽም። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች «በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ከሕሊና የተነሣ ሳትመራመሩ ብሉ» ብሎ ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 10፥25) ሰዎቹ ስለ ጣዖት መሥዋዕት እየተጨነቁ ማዕዳቸውን ሁሉ ወደ ፍርድ አደባባይ እንዳይለውጡት ነበር። አሁን ካወቅሽ በኋላ ግን ልብሽ የማይቀበለው ከሆነ በሌላ ማርጊያ የተሠራውን መርጠሽ መብላትሽ መልካም ነው፤ ማንም በዚህ ሊነቅፍሽ አይገባም፤ አንቺም ፓርሜዛን በሚበሉት ላይ አትፍረጂ። ስእለቱ እስከ የት እንደሚደርስ ለመወሰን ደግሞ ጉዳዩን ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ። እንዲያውም የዕድሜ ልክ ስእለት ከመሳልሽ በፊት ብታማክሪያቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልደረሰብሽ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ ግን «አይሆንም» የሚል ነው፤ ይህን ቃል በተለይ በውጭ አገር ካሉ ምእመናን ደጋግሜ ስለ ሰማሁት ጥቂት ልቆይበት። በአንድ ወቅት በዐቢይ ጾም ከወጣቶች ጋር ተቀምጠን ሳለ በአይብ የተሸፈነ ፒዛ ቀረበና «መምህር፣ ይህ እኮ ቬጀቴሪያን ነው» ተባልሁ። ልጆቹ ሊያታልሉኝ አልፈለጉም፤ ከልባቸው ያመኑበት ነበር። የተሳሳቱትም ቬጀቴሪያን የሚለው ቃል የሚመልሰው «ለዚህ ምግብ እንስሳ ታርዷልን?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ መሆኑን ባለማስተዋላቸው ነው። ጾማችን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። እንስሳ ርኩስ ስለሆነ ወይም ማረድ ኃጢአት ስለሆነ የምንጾም ቢሆን ኖሮ በፋሲካ ማግስት ቤታችን ሁሉ የኃጢአት ቤት በሆነ ነበር። ነቢዩ ዳንኤል «ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም፥ ሥጋና ጠጅም በአፌ አልገባም» ሲል (ዳን. 10፥3) ለጠጅ የታረደ ነገር የለም፤ ጠጁንም ሥጋውንም የተወው ሰውነቱ የሚደሰትበትን በእግዚአብሔር ፊት ስለ ሕዝቡ በማዘን ለመተው ነው።

እስቲ የእናትሽን አይብ አስቢው። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ላይ ተጥዶ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የጥጃ ጨጓራ አልገባም፣ ደምም አልፈሰሰም። እንግዲህ በዓለም ላይ ቬጀቴሪያን የሚባል አይብ ካለ ከእርሱ የሚበልጥ የለም፤ ነገር ግን በዓርብ ማዕድ ላይ አይብ ያቀረበች እናት አይተሽ ታውቂያለሽን? አያቶቻችን ማሸጊያ ሳያነቡ ያወቁትን እኛ አንብበን ልንስተው አይገባም።

«ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የሌለበት፣ ተብሎ ካሹ ከተባለው ለውዝ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከኮኮናት ዘይት የሚሠራው አይብ ወተት ስለሌለበት ከጾም ምግብ ይቆጠራል፤ ቤተ ክርስቲያን ያልከለከለችውን እኔ አልከለክልሽም። ብቻ «ላክቶስ የሌለው» የሚለው የወተት ስኳሩ ብቻ የወጣለት ወተት መሆኑን፣ አንዳንዱ የአኩሪ አተር አይብም ካዜን የተባለ የወተት ፕሮቲን እንደሚገባበት አስተውዪ። ይህን ስል ሌላ ስጋት አለኝ፦ ጾሙ ገና ሳይገባ የአይብን፣ የቅቤንና የሥጋን አምሳያ ሲያድኑ የሚሰነብቱ ሰዎች አሉ፤ ምንም የተዉት ነገር ሳይኖር ሁዳዴ ያልቃል። ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ትንኝን እያጠሩ ግመልን እንደሚውጡ ሲነግራቸው (ማቴ. 23፥24) የገሠጻቸው ስለ ዋጡት ግመል ነው። ሬኔቱን ማጥራትሽ አያስነቅፍሽም፤ ነገር ግን ለዚያ ጽሑፍ ያዋልሽውን ያህል ጊዜ ለጸሎትሽ እንዳዋልሽ ራስሽን ጠይቂ።

አሁን በማቀዝቀዣሽ ውስጥ የቀረውን ፓርሜዛን አትጣዪው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና ለሚበላው ጎረቤትሽ ስጪው። ቬጀቴሪያን የሚለውንም ከገዛሽ ለፍስክ ቀን አቆዪው።