ርዕሰ መምህር ሲቀየር ፕሮግራሙ እንዳይቀር፤ ስለ አዎንታዊ የባህሪ ድጋፍ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እኛም ያለፍንበት መንገድ ነውና። በትምህርት ቤታችሁ የአዎንታዊ ባህሪ ድጋፍ ፕሮግራም፣ ማለትም ከመቅጣት ይልቅ የሚጠበቀውን ባህሪ አስቀድሞ ማስተማርና ማበረታታት ላይ የቆመው አሠራር፣ ለሁለት ዓመት በጥሩ ሁኔታ ከተካሄደ በኋላ፣ ሥራውን የጀመሩት ርዕሰ መምህር ተዛውረው እንቅስቃሴው ተቀዛቅዟል። በዚሁ መሃል የበላይ ጽሕፈት ቤቱ ፕሮግራሙን ወደ ስድስት ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንድታስፋፉ ጠይቋል። እርስዎም «የትኛውን እናስቀድም?» ብለዋል። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት የባህሪ ድጋፍ ቡድን ውስጥ ስምንት ዓመት፣ ከዚያም የሌሎች ትምህርት ቤቶችን ቡድኖች በማሠልጠንና በመከታተል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። መልሴ አስቀድማችሁ የራሳችሁን አቁሙ የሚል ነው፤ ሆኖም የምታቆሙት ሌላው ወስዶ ሊሠራበት በሚችል መልኩ ተጽፎና ተደራጅቶ ይሁን።

በእኛ ትምህርት ቤት ሥራው መዳከሙን ያወቅነው በሦስተኛው ዓመት ነው። አንዲት አዲስ መምህርት የማበረታቻ ካርዶቹን በእጇ ይዛ ወደ እኔ መጣችና «ይህን የምሰጠው ዝም ብሎ ለተቀመጠ ተማሪ ነው ወይስ ጥያቄ ለመለሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልነገራትም ነበር። በዚያው ሳምንት በደረጃው አጠገብ ከተለጠፈው የመከባበር፣ የኃላፊነትና የደኅንነት ሰሌዳ ሥር አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አገኘሁና «ኃላፊነት ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ካርድ የሚያሰጥ ነገር» አለኝ። ልጁ የተናገረው ያየውን ነው። ሰሌዳውም ካርዱም በቦታቸው ነበሩ፤ የቀረው ማስተማሩ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎችን በየተራ ወደ ደረጃው፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱና ወደ መጫወቻ ሜዳው እየወሰድን «እዚህ ቦታ መከባበር ማለት ይህ ነው» እያልን በተግባር አሳይተናቸዋል። በሁለተኛው ዓመት ማሳየቱን ወደ አንድ ቀን አሳጠርነው፤ በሦስተኛው ዓመት ሁሉም የሚያውቀው መሰለንና ተውነው። እናንተም ዘንድ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህንን እንዲሆን እመክራለሁ፤ የሚጠበቁ ባህሪዎች በዓመቱ መጀመሪያና ከእያንዳንዱ ረጅም ዕረፍት በኋላ በየቦታቸው እንደገና ይሰጣሉ ወይስ ግድግዳ ላይ ብቻ ቀርተዋል?

ለሽልማት የሚሆን ገንዘብ ማነሱን እንደ ዋና ችግር አንስተዋል። በእኔ ግምት ይህ ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ተማሪው ምን በጎ ነገር እንዳደረገ ለይቶ የሚነግረው የመምህሩ ቃል ወጪ የለውም፤ ከተግሣጽ ይልቅ እንዲህ ያለው ቃል ብዙ እጥፍ በሚሰማበት ክፍል ውስጥም ካርዱ ቢያልቅ ሥራው አይቆምም።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ቡድኑና ስለ መዝገቡ ነው። ቡድናችን በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰብ ነበር፤ ነገር ግን የምንነጋገረው ሰሞኑን ያስቸገረን ተማሪ ማን እንደሆነ ነበር። ለውጡ የመጣው እያንዳንዱ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እና ከምን በኋላ እንደተፈጸመ በአንዲት አጭር ቅጽ ላይ መመዝገብ ስንጀምር ነው። በመጀመሪያው ወር ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ በቦታ ለይተን ስንደረድራቸው ከግማሽ የሚበልጡት በውኃ ቧንቧው አካባቢ፣ ከሁለተኛው ዕረፍት መጨረሻ አሥር ደቂቃ ውስጥ የተፈጸሙ ሆነው ተገኙ። ያን ጊዜ አራት ክፍሎች በአንድ ላይ ይወጡ ነበር፤ ከቧንቧዎቹ ደግሞ ሁለቱ ብቻ ነበሩ ውኃ የሚሰጡት። የሁለቱን ክፍሎች መውጫ ሰዓት አሻገርን፣ መሬቱ ላይ የሰልፍ መስመር ቀባን፣ አንድ መምህር እዚያው እንዲቆም መደብን። ጠቡ በአብዛኛው ቀረ። ልጆቹ ግን ያው ነበሩ። ይህን በዓይኑ ያየ መምህር ስለ ፕሮግራሙ ጠቀሜታ ሌላ ገለጻ አያስፈልገውም። በዚህ መስክ የተሠሩ ጥናቶችም ለመዝለቅ ከሚረዱ ነገሮች መካከል ቡድኑ መረጃን በመደበኛነት መጠቀሙን በግንባር ቀደምትነት ይጠቅሳሉ፤ የእኛም ልምድ ከዚያው ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ የቡድኑ ስብሰባ በትምህርት ቤቱ የሰዓት ሠሌዳ ላይ ቋሚ ቦታ ይኑረው፤ ከትምህርት በኋላ በትርፍ ሰዓት የሚደረግ ከሆነ በፈተና ሰሞን መቅረቱ አይቀርም። የርዕሰ መምህሩ ወይም የምክትሉ መገኘት ግዴታ ይሁን፤ ውሳኔውን ማጽደቅ የሚችል ሰው ከሌለ ቡድኑ አስተያየት ሰጪ ብቻ ይሆናልና። ሰብሳቢነቱ ግን ለርዕሰ መምህሩ አይሰጥ፤ የእናንተም የእኛም ስህተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አዲስ ለተመደቡት ርዕሰ መምህር ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ዓመት መዝገብ ይዛችሁ ቅረቡ። ማስረጃ ከጠየቁ፣ በአሜሪካዋ ሜሪላንድ 37 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተመድበው ለ5 ዓመታት የተካሄደ ጥናት እንዳለና በዚህ አሠራር በሠለጠኑት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ከትምህርት ማገድ መቀነሱን ማስረዳት ትችላላችሁ። ይሁንና ከየትኛውም ጥናት በላይ የሚያሳምናቸው የራሳቸው ግቢ መዝገብ ነው።

ሌላው ሳይነሳ ማለፍ የሌለበት፣ ፕሮግራሙ የብዙኃኑ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። አሠራሩ በሦስት ደረጃ የተዋቀረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሁሉም የሚሰጠው ድጋፍ በአማካይ ለ80 በመቶ ያህል ተማሪዎች ይበቃል ተብሎ ይታሰባል፣ 15 በመቶ ያህሉ ተጨማሪ፣ 5 በመቶ ያህሉ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። መምህራን በፕሮግራሙ ተስፋ የሚቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ጥቂት ልጆች ምክንያት ነው። አሠራሩ ያደገው አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በማገልገል ሥራ ውስጥ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሻሻለው የእነዚህ ተማሪዎች የትምህርት ሕግ ስሙን ጠቅሶታል፣ በ1998ም በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተቋቁሞለታል። ከዚያ የወረስነው ዋናው ጥያቄ «ልጁ በዚህ ባህሪ የሚያገኘው ወይም የሚሸሸው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። እኛ ዘንድ አንድ ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በተደጋጋሚ እየረበሸ ይባረር ነበር። መዝገቡን ስናይ ረብሻው የሚጀምረው ሁልጊዜ ወደ ሰሌዳ ውጣ ሲባል ነበር። ማባረሩ ለእሱ ቅጣት አልነበረም፤ የፈለገው መውጣቱን ነበር። የረዳው ከአንድ መምህር ጋር ጠዋት መገናኘቱ፣ በየክፍለ ጊዜው ውጤት የሚሞላበት ካርድ መያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ከመምህሩ ጋር መገምገሙ፣ ጎን ለጎንም ያልገባው ማካፈል ከሥሩ መሰጠቱ ነው።

ማስፋፋቱን በተመለከተ፣ ስድስቱን በአንድ ጊዜ አትቀበሉ። አንድ አዲስ አሠራር በአንድ ተቋም ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪተገበር ከ2 እስከ 4 ዓመት እንደሚወስድ በአተገባበር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ሁለት ትምህርት ቤት ሥራውን እየተከታተለ ከሚያግዝ አንድ አሠልጣኝ ጋር መጀመር ስድስቱን በአንድ ቀን ሥልጠና ከመበተን እጅግ ይሻላል። መግቢያው የፈቃደኝነት ይሁን፤ በተለምዶ 80 በመቶ የሚሆኑ የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንደሚሠሩበት ሳይስማሙ አይጀመርም፤ ሠራተኛ ስል የጥበቃና የጽዳት ባልደረቦችንም ጨምሬ ነው። ሰሌዳችሁንም አታውሷቸው። የሚጠበቁትን ከሦስት እስከ አምስት ባህሪዎች ከተማሪዎቻቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ራሳቸው ይወስኑ። ከእናንተ የሚወስዱት ቅጹን፣ የስብሰባውን ሥርዓትና የአዲስ መምህር ማስተዋወቂያውን ይሁን።

እየሠራን ነው የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይበቃም መለኪያ ያዙ። በሰፊው የሚሠራበት የአተገባበር መመዘኛ ለሁሉም ተማሪ በሚሰጠው በመጀመሪያው ደረጃ 15 የሚመዘኑ ጉዳዮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፣ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ትምህርት ቤት አሠራሩን በሚገባ ይዞታል ይባላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል የሌላ ትምህርት ቤት ሰው በተገኘበት፣ ሙሉት። የእኛ የሦስተኛ ዓመት ውጤት ከ50 በመቶ በታች ነበር፤ አሳዘነን፣ ነገር ግን የጎደለውን በስሙ አወቅነው።

በመጪው ወር ልታደርጉ የምትችሉት፣ ያለፉትን ሦስት ወራት መዝገብ በቦታና በሰዓት ለይታችሁ ይዛችሁ ወደ ስብሰባ መግባትና ከመካከሉ አንድ ቦታ ብቻ መርጣችሁ ማስተካከል ነው። ለጽሕፈት ቤቱ በሁለት ትምህርት ቤቶች እንድትጀምሩ የምትጽፉትን ደብዳቤ ረቂቅ እዚህ ቢያቀርቡት፣ አንብቤ አስተያየቴን በደስታ እሰጣለሁ።