ድሮፕ ከማድረግህ በፊት ቢሮው ሂድ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በብዛት በልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት አሜሪካ ከሄዱ ተማሪዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛልና እሱ ላይ እቆያለሁ።

አንዲት ተማሪ አስተማሪዋን «ቲቸር» ብላ ስትጠራ ክፍሉ ዝም አለባት። ምን ልበል ትላለች።

«ፕሮፌሰር» በይና የመጨረሻ ስሙን ጨምሪ። ራሱ «በስሜ ጥሪኝ» ካለ ጥሪው።

ሌላዋ ሁሉም በአያቷ ስም ይጠሯታል። ኢሜይሉም መታወቂያውም እንደዚያው ነው፤ «ስሜ ጠፋብኝ» ትላለች።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የእነሱ ፎርም ደግሞ ያለሱ አያልፍም። ወረቀት ላይ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው እንዳለ ይሁን። ለልውውጥ ቪዛ የሚሰጥሽ ዲኤስ-2019 የሚባለው ፎርምም፣ ቪዛውም፣ የባንክ ሂሳቡም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንድ ፊደል ከተለየ በኋላ ማስተካከሉ ጣጣ ነው። ለሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ስምሽን ንገሪ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲስተማቸው ላይ መጠሪያ ስም የሚሞላበት ቦታ ስላላቸው እሱንም ሙዪው። አፋቸውን ቢይዛቸው ደግመሽ ንገሪያቸው፣ ይለምዱታል።

ሦስተኛው ደብዳቤ ረጅም ነው። ልጁ ለልውውጥ ተማሪዎች በሚሰጠው ጄ-1 ቪዛ ለአንድ ዓመት ሄዷል፤ ባለ ሦስት ክሬዲት አራት ኮርስ ይዟል። አንዱ ላይ ሚድተርም ወደቀ። ሌሊት አይተኛም፤ ካፌ ገብቶ መብላትም አስጠልቶታል። ቤት ሲደውሉለት «ደህና ነኝ» ይላል። ዛሬ ማታ ኮርሱን በኮምፒውተር ድሮፕ ሊያደርግ፣ ማለትም ትቶት ሊወጣ፣ አስቧል። «ማን ያውቅብኛል?»

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ አታድርገው። አራቱ ኮርስ ሲደመር 12 ክሬዲት ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚያሰኝህ ትንሹ ቁጥር ይኸው ነው። አንዱን ስትጥል 9 ትገባለህ። ኮምፒውተሩ እሺ ሊልህ ይችላል፣ ቪዛህ ግን ከሙሉ ጊዜ ትምህርት ጋር የተሳሰረ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተማሪነትህን ሁኔታ ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት ላይ ይመዘግባል። ስለዚህ ይታወቃል። ሕጉ ግን በር አለው። በሕመም ወይም በትምህርት ምክንያት ክሬዲት መቀነስ ሊፈቀድልህ ይችላል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ግን ከድሮፑ በፊት ነው። ነገ ጠዋት የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚይዘው ኢንተርናሽናል ኦፊስ ከሄድክ ተነጋግረህ፣ ወረቀት ሞልተህ የምትወጣበት ጉዳይ ነው። ከሳምንት በኋላ ከሄድክ የምታወራው ስለ ቪዛህ ይሆናል።

እኔም በልውውጥ ተማሪነቴ በመጀመሪያው ኖቬምበር እንዲህ ሆኜ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ቢሮው ከዶርሜ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እግሬን ያሰረኝ ይሉኝታ ነበር፤ «እዚህ ድረስ ተልኬ አቃተኝ» ማለት ሞት መሰለኝ። በመጨረሻ ስሄድ አማካሪዋ ስለ ውጤቴ ሳትጠይቅ ትተኛለህ ወይ ነው ያለችኝ። እዚያው አለቀስኩ። እኛ አገር ችግርህን ደብቀህ ስትችለው ጀግና ትባላለህ። እዚያ ግን ያልተናገርከውን ማንም አይገምትልህም፤ የሚረዳህም ቀድመህ ስትናገር ነው።

አለመተኛትህና ምግብ መጥላትህ ከኮርሱ ይበልጥብኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይህን በደብዳቤ ልመልስልህ አልችልም። ካምፓሱ ውስጥ ካውንስሊንግ ሴንተር የሚባል፣ አማካሪ የምታነጋግርበት ቦታ አለ፤ ብዙ ቦታ ለተማሪ ነጻ ነው፤ ነገውኑ ደውል። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ነገን አትጠብቅ፣ 988 ደውል፤ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። ገንዘብ ፈርተህም እንዳትቀር። ጄ-1 ያለው ሰው የጤና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ካርድህን ፈልግና ከጀርባው ያለውን ቁጥር ደውለህ ምን እንደሚሸፍን ጠይቅ። ለእናትህም «ከብዶኛል፣ ግን ሰው እያናገርኩ ነው» በላት። እውነቱን ብትሰማ ይሻላታል፤ ድምፅህን ሰምታ ሳትጠረጥር አልቀረችም። ቢሮው ሄደህ ስትወጣ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ዘመድ ሬስቶራንት ቅዳሜና እሁድ በካሽ ልሥራ?

አይሆንም። ዘመድም ቢሆን፣ «ለኪስ ገንዘብ ነው» ቢባልም አይሆንም። ካምፓስ ውስጥ በሴሚስተር ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል፤ ጄ-1 ከሆንክ ለእሱም አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግሃል። እስካሁን ሠርተህ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ዶርሙ ይዘጋል። የክፍል ጓደኛዬ ቤቷ ጋብዛኛለች፣ ግን ጾም ነው፤ ልቅር?

አትቅሪ! በዓሉ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ስለሚገባ ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። አስቀድመሽ ንገሪያት። «ቬጂቴሪያን» ካልሽ ቅቤና አይብ ያለበት ይቀርብልሻል፤ «ቪጋን» በይ። አንድ ሳህን ምስር ሠርተሽ ብትሄጂ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ግብዣው የአንድ ቀን ከሆነ ለቀሩት ቀናት የዶርም ቢሮውን ከአሁኑ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ አስቀድሞ ለተመዘገበ ማደሪያ አያጡም።

እናቴ በሰው ቋንጣ ልትልክልኝ ነው፤ ያልፋል?

አያልፍም፣ ሥጋ ነክ ነገር ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። በርበሬና ሽሮ ትላክልህ። ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ሲጠየቅ «ምግብ ይዣለሁ» ይበል፤ መደበቁ ነው የሚያስቀጣው።